የመልካሙ ናይትሮጅን

ይህን ከነፍስ አባቴ እንኳ ሸሽጌያለሁ። ላንተ ለአንባቢው የምነግርህ ፊትህን ስለማላየው ነው፤ እዚህም ላይ ፈሪ ነኝ።

ዳባት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። መልካሙ የወረዳው ላም አዳቃይ፣ ጎረቤቴና ወዳጄ ነበር። የምርጥ ኮርማ ዘር የሚያቆይበት ዕቃ እጅግ ቀዝቃዛ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይሞላበታል፤ ናይትሮጅኑ ካለቀ ዘሩ ይሞታል። ገጠር ሲወጣ የክፍሉን ቁልፍ እኔ ዘንድ ይተው ነበር።

እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣኋት አንዲት ጥቁር የሴራሚክ ቁራጭ ነበረችኝ። እንዲሁ ስትታይ ከገል አትለይም። በናይትሮጅን ስትቀዘቅዝ ግን ከሆነ ደረጃ በታች ኤሌክትሪክን መቋቋሟ ድንገት ይጠፋል፣ ትንሽ ማግኔትም በላይዋ ይንሳፈፋል። ያንን ቅጽበት ለተማሪዎቼ ላሳይ ጓጓሁ። መልካሙን ለመንኩት።

«መንገድ ተዘግቶ ከጎንደር አልመጣልንም። ያለችው ለዘሩም አትበቃ፤ ተወኝ በሞቴ» አለኝ።

አልተውኩትም። ለሥራ አምባ ጊዮርጊስ በሄደ ዕለት ከፍቼ በፔርሙዝ ቀዳሁ። ማግኔቷ ተነሳች፣ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፣ መምህር ተብዬውም ኮራሁ። በሰረቁት ነገር ይኮራል?

መልካሙ ሰንብቶ ሲመለስ መለኪያውን እንጨት ዕቃው ውስጥ ሰደደ፤ ውርጭ ሳይዝ ደረቅ ወጣ። ናይትሮጅኑ አልቆ ዘሩ ሁሉ ሞቷል። ጥጃ ሲጠብቁ የነበሩ ገበሬዎች ደጁ ድረስ መጥተው ሰደቡት። እሱ ግን እኔን መጠርጠር በሐሳቡም አልመጣለት።

«ክዳኑን ሳልገጥም ሄጄ ይሆን እንዴ? አላየኸኝም?» አለኝ።

ኃጢአቴ እዚህ ላይ ነው። ሰርቄ ዝም ብል እንኳ አንድ ነገር ነበር። እኔ ግን «ስትቸኩል አይቼሃለሁ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማን አስገደደኝ? እሱም አመነኝ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲጠይቀው «ክዳኑን ሳልገጥም ሄጄ ነው» ብሎ በገዛ አፉ ተናገረ። ዕዳ ከሜዳ ሆነበት፤ ከሥራ ተባረረ።

ዛሬ ደባርቅ ነው፤ ተራራው ላይ ወዳለው ጨነቅ ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ ይጭናል። ባለቤቱን ገበያ አግኝቻት ነበር። ጭነቱን አስሮ ይፈታዋል፣ መልሶ ያስረዋል፣ በገዛ እጁ ማመን ትቷል አለችኝ። ሰምቼ አፈርኩ፤ አፍሬም እውነቱን ሳልነግራት ተሰናበትኳት።

ወጣት ነበርኩ፣ ለተማሪዎቼ ብዬ ነው ልል እችላለሁ። አልልም። ደባርቅ በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ ብዙ እሁድ ለመሄድ ተነስቼ ቀርቻለሁ። አንተም እግዚአብሔር ይፍታህ አትበለኝ። ሊፈታኝ የሚችለው መልካሙ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ ጥፋተኛው ራሱ ይመስለዋል።