ያልማለው ልብስ ሰፊ

የልጅ ልጄ የታሪክ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ እኛው ጋ ተቀምጣለች፤ ዓይኔ ስለ ደከመ ከመጽሐፏ ታነብልኛለች። በቀደም ስለ አሜሪካ የጥንት ሰዎች አነበበችልኝ። ለእምነታቸው ብለው ባሕር ተሻግረው፣ ገና ምድሩን ሳይረግጡ፣ መርከቡ ላይ በእግዚአብሔር ፊት ቃል ተጋብተው አንድ ሕዝብ እንሁን፣ ሕግ እናውጣ ተባባሉ አለችኝ።

"እንዲህ ነው እንጂ ሰው!" አልኩ።

"ቆዩ አባባ፣ አልጨረስኩም።"

ኋላ ደግሞ ሌሎች መጥተው አጠገባቸው አገር አቀኑ። እነዚያ የቤተ ክርስቲያን አባል ያልሆነ ሹም አይመርጥም አሉ። አንድ ቄስ ተነሥቶ "መንግሥት በነፍስ ላይ አያዝዝም፤ ያላመነን ሰው በፈጣሪ ስም አታስምሉት" ቢላቸው ከአገር እንዲወጣ ፈረዱበት። በበረዶ ወጣ።

መጽሐፉን ዝጊው አልኳት።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ላይ የቀረሁ ገበሬ ነኝ፤ አሜሪካን አላውቅም። ያንን ሰው ግን አውቀዋለሁ።

አርብ ገበያ ዳር ልብስ የሚሰፋ ወዳጅ ነበረኝ፤ ሙስሊም ነው። በአንድ ወንዝ እየዋኘን ነው ያደግነው። በእኛ ጾም እሱ ሥጋ አያሸትም፤ በእሱ ጾም እኔ ፊቱ ውሃ አልጠጣም።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰው ካጣ ወዲህ ሽማግሌና ካህን በቤተ ክርስቲያን ደጅ እየተሰበሰቡ ይዳኙናል። ክፉ አልነበረም፤ ብዙ የድንበር ጠብ በርዶበታል። ሰኔ ሲገባ ግን ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ጥማድ በሬዎቿ ከበረት ጠፉባት። ሰኔ ላይ በሬ ያጣ፣ ኅዳር ላይ ምን ይበላል? እያለቀሰች ደጁ ላይ ተቀመጠች።

አውጫጭኝ ተጠራ። በአውጫጭኝ አገሩ ይወጣል፤ ያየ የሰማ ይናገራል። የሚናገር ከጠፋ፣ እያንዳንዱ ወንድ የቤተ ክርስቲያኑን የግቢ በር በእጁ ይዘጋና "ወስጄ፣ የወሰደውንም አውቄ እንደሆን እንዲህ ይዘጋብኝ" ብሎ ይምላል። ሁላችንም ማልን። በሩ ሲዘጋ ሲከፈት ዋለ፤ የተገኘ ሌባ የለም።

ያኔ አንዱ "ያልማለ ማን ቀረ?" አለ። ዓይን ሁሉ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ።

"ድሮ በዳኛ ፊት እንደማደርገው በቁርኣኔ ልማል" አለ።

"የዚህ ሸንጎ መሐላ አንድ ነው። በሩን ዝጋ" አሉት ሰብሳቢው ቄስ።

"አባ፣ በማላምንበት ብምል መሐላዬ ምን ይረባችኋል? ዋሸሁ ማለት ያን ጊዜ ነው።"

ተነሣሁና "ዋስ እሆነዋለሁ፤ ስለ እሱ እኔ ልዝጋው" አልኩ።

"አያ፣ በሰው ነፍስ አይማልም" አሉኝ።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ "ኮታቸውን ስለሚጥፍላቸው ነው!" ሲል ተሳቀ።

"ያንተን ሱሪስ ማን ሰፋው? እስቲ አውልቀህ ፍረድ!" አልኩት።

ባሰ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፍርዱ እዚያው ነበር፤ እስከሚቀጥለው ገበያ ወይ ይማል፣ ወይ አገሩን ይልቀቅ።

ሳምንቱን የቄሱን ደጅ ጠናሁ። "እኔ ሌባ ነው አላልኩም" ይሉኛል። "ለአንዱ ከላላ ግን ነገ ሁሉም በየራሱ ልማል ይላል። ከዚህች መሐላ ሌላ ምን ቀረን፣ አያ?" እውነታቸውን ነው፤ ሌላ ምንም አልቀረንም። የጨነቀኝም እሱ ነው።

ወዳጄ ጋ ሄጄ "ዝጋውና ይለፍ። እንጨት ነው" አልኩት።

"ለአንተ እንጨት ነው?" አለኝ።



አርብ ዕለት የስፌት መኪናውን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ንፋስ መውጫ ወጣ። ለመስቀል ያልኩትን ኮት ተቆርጦ ሳይሰፋ መለሰልኝ። "የጠመኔውን ምልክት እንዳታራግፈው፤ ሌላ ሰፊ ይመራበታል" አለኝ። ለሌላ ሰፊ አልሰጠሁትም፤ ሳጥን ውስጥ ነው።

በሬዎቹ አልተገኙም። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ በተውሶ በሬ ነው የምታሳርሰው። ነሐሴ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው በሬ ጠፋ። ባለቤቱ ቢጮኽም አውጫጭኝ የጠራ የለም። ከማልነው ውስጥ አንዱ በሩን በሐሰት ዘግቶታል፤ ሁላችንም ገብቶናል፣ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ጠፋ እንጂ። ሰላምታ ስንለዋወጥ እንኳ ዓይን ለዓይን አንተያይም።

ትናንት የልጅ ልጄን "ያን ቄስ ኋላ መለሱት ወይ?" አልኳት።

"አልመለሱትም፣ አባባ። ሄዶ ሌላ አገር አቀና፤ ሰው ሁሉ እንደ እምነቱ የሚኖርበት።"

"ሲያባርሩት ሽማግሌ ነበር?"

"ኧረ ጎልማሳ ነበር።"

የእኔው ሰው በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት እንኳ ያቃተው ሽማግሌ ነው።