ተጠሪ የሚለው መስመር

የወሰዱኝ ማክሰኞ፣ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው "ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ አሁን ትመለሻለሽ" አሉኝ። ተማሪዎቼን የጀመራችሁትን ጥያቄ ጨርሱ ብዬ ወጣሁ። ያቺ አንድ ጥያቄ ዘጠኝ ቀን ፈጀች።

ጥፋቴ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢው ተቆርሶ ለአንድ ባለሀብት ታጠረለትና መምህራኑ አቤቱታ እናስገባ ተባባልን። ማን ይጻፈው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛሽ ጥሩ ነው አሉ፤ ደግሞም ጊዜ አለሽ። ይህቺን "ጊዜ አለሽ" የምትባል ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ሰምቻታለሁ። ባልና ልጅ የላትም ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ እየመጡ ሒሳብ የሚያጠኑት ሴት ልጆች፣ የመዘምራኑ ልምምድ፣ የማርመው የፈተና ክምር፣ ይህ ሁሉ ለእነሱ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ለማንኛውም ጻፍኩት፣ ፊርማውንም አሰባሰብኩ። ማን ጻፈው የተባለ ቀን ግን የፈረመው ሁሉ ጣቱን ወደ እኔ ጠቆመ። ምን ያድርጉ፣ ልጆች አሏቸዋ!

የታሰርኩበት ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው ግን አልወጣም፤ ዓይን ይቆጠቁጣል። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለ እጅ የማያሾልክ ቀዳዳ ነው። ስገባ አራት ሴቶች ነበሩ። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ከምሳቸው አካፈሉኝ፣ ከዚያ ገና ሳልጨርስ ስንት ልጆች እንዳሉኝ ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ። ባልስ? እሱም የለኝም። ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ለምን እንደታሰርኩ የጠየቀኝ ሰው የለም። እስር ቤት ገብቼም የታዘነልኝ ላላገባሁት ባል ነው! ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከንፈር ያልመጠጡልኝ አንዲት ከከምባታ፣ ከዳምቦያ የመጡ ሴት ብቻ ነበሩ። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ቆጮ ሻጭ ናቸው። የገበያው ቦታ ይነሳ ሲባል አልነሳም ያሉ ነጋዴዎች ታፍሰው የተያዙ ጊዜ አብረው ተያዙ። ሌሎቹ በሁለት ቀን ሲፈቱ እሳቸው አምስተኛ ቀናቸውን ይዘው ነበር። ለምን እንደቀሩ ጠባቂውን ብጠይቅ፣ መርማሪውን አላናግርም ብለዋል አለኝ። የባላቸውን ስም ይደብቃሉ፤ መርማሪውም ባልየው የአድማው አስተባባሪ ነው ብሎ ጠርጥሯል። የተባሉት ባል ደግሞ ስንቅ ይዘው ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ላይ ነው የሚውሉት። ግን የሴትየዋ ቃል ተሞልቶ ሳያልቅ ማንም አይገባም ተብሏል።

መርማሪውን እኔም አይቼዋለሁ። ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ጸጉሩን በጥንቃቄ የሚያበጥር ወጣት ነው። ስለ ደብዳቤው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ከዚያ "ተጠሪ" የሚል መስመር ላይ ደረሰና ባልሽ ማን ይባላል አለኝ። አላገባሁም ስለው ሞቶብሽ ነው ብሎ ጠየቀ። ጭራሽ አላገባሁም አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በዚህ ዕድሜሽ እንዴት፣ ቤተሰብ የለሽም ወይ፣ ማን ነው ሃይ የሚልሽ? ደብዳቤው ተረሳ። ቤት የሚጠብቃት ሰው ያላት ሴት እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እንደማትገባ መከረኝና፣ አባቴ በሕይወት ከሌለ ወንድሜ መጥቶ ካልፈረመ እንደማልወጣ ነግሮኝ ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከዳምቦያዋ ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። የባልዎን ስም ለምን አይነግሩትም አልኳቸው።

"ነገርኩት። የአባቱን ስም ጨምሪ አለኝ።" ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። "እሱን እንዴት ብዬ ልጥራ?"

ያኔ ገባኝ፤ ቀድሞ አለመግባቱም አሳፈረኝ። ዳምቦያ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ባሊሻ ይሉታል። ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ የድሮ ሰዎቹማ በስሙ የሚጀምሩ ቃላትን ሁሉ ትተው ሌላ ይተካሉ። ሴትየዋ አርባ ዓመት ያልጠሩትን ስም አንድ ልጅ እግር ጠረጴዛ እየደበደበ "ሙሉ ስም!" ይላቸዋል። አላውቅም እንዳይሉ ውሸት ነው፤ ልናገር ቢሉ ነውር ነው። ዝም አሉ። ዝምታቸውን "ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም" ብሎ ጻፈው።

እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ አልኳቸው። በምን ፊደል ይጀምራል ብዬ እንደ ሞኝ ጠየቅኩ፤ እሱም እኮ አይባልም። በመጨረሻ የስሙን ትርጉም ዙሪያውን እየዞሩ ያስረዱኝ ጀመር። እኔ ሀዲያ ነኝ፣ ከምባትኛዬ የተሰበረ ነው፤ አንድ ስም ጠራሁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ጠራሁ፣ ሳቁብኝ። በአራተኛው አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። አወቅኩት። ስሙን እዚህም አልጽፈውም፤ እሳቸው ያከበሩትን እኔ ምን ቤት ነኝ።

"እኔ ብነግረው ቅር ይልዎታል?" አልኳቸው።

"አንቺን ምን ይከለክልሻል? አንቺ አማት የለሽም። አፍሽ የራስሽ ነው።"

ያለ ምንም ሐዘን ነው የተናገሩት፤ ረዥም እጅ ላለው ሰው ከቆጡ አውርድልኝ እንደሚባለው። ለሌላው ሁሉ ጉድለቴ የሆነው ነገር ለአንድ ሰው የሚጠቅም ሆኖ ሲቆጠር ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር። ዕንባዬ መጣና ጫማዬን የማስር መስዬ አቀረቀርኩ።

ዓርብ ጠዋት ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው የተለመደውን ጥያቄ ሲጀምር እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ስሙን እስከ አባት ተናገርኩ። አንቺን ማን ጠየቀሽ ብሎ ጮኸብኝ። ነገሩን አስረዳሁት፤ አላመነኝም። ጥግ ላይ ወረቀት ሲያገላብጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሳጅን ግን ቀና ሳይሉ "እውነቷን ነው። እናቴም አያቴን በስም ጠርታው አታውቅም ነበር" አሉ። መርማሪው ጆሮው ቀላ፤ ስሙን ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ጋር አስተያየው፣ አልነበረበትም። ጻፈ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ባልየው ገቡ፣ ፈረሙ፤ ሴትየዋ ሲወጡ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገውኝ አለፉ። ይህን ሁሉ ቀን የዘለቀው ምስጢር ይሄው ነበር።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ወንድሜ ከዶዮገና መጥቶ ነበር፤ ለጸሎት ቤት የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ታናሼ ነው፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ከፊቱ አድርገውለታል። ተጠሪ በሚለው መስመር ላይ የእሱን ስም፣ ከሥሩ ደግሞ እህቱን ዶዮገና ወስዶ በቤቱና በእሱ ኃላፊነት ሥር እንደሚያኖር፣ ለሚደርሰው ሁሉ እንደሚጠየቅ ጽፈውለታል። እሱ ከፈረመ ያን ቀኑን ቤቴ እገባለሁ። የምገባው ግን ዕቃዬን ልጭን ነው።

ወረቀት ነው እኮ አለኝ በሀዲይኛ፣ ቀስ ብሎ። ወረቀት ከሆነ ለምን እኔን አያስፈርሙኝም አልኩት። ላብ አጠመቀው። ቢሆንም መሄዱ አይከፋም፣ ሰፊ ክፍል አለ፣ ልጆቹም ይወዱሻል አለ። ቤተ ክርስቲያኑም ስለ እኔ እየጸለየ ነው፣ ብቻዬን ባልኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አለኝ። ክፉ ልብ የለውም፤ የሚያበግነኝም ይሄው ነው። ቢያንስ ክፉ ቢሆን ጮኼበት ይወጣልኝ ነበር።

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ። የእሱን ስም በአንድ መስመር ሰረዝኩና በላዩ ላይ የራሴን ስም እስከ አያት ጻፍኩ። "እህቴን ወስጄ አኖራለሁ" የሚለው ከስሜ ጋር ስለማይገጥም "በቤቴ እኖራለሁ" ብዬ አረምኩት፤ የመምህር ልማድ ነው።

መርማሪው አየው። "ለራስሽ ራስሽ ተጠሪ መሆን አትችይም።"

"ማክሰኞ የጠራችሁት እኔን ነው። ስትጠሩኝም መጥቻለሁ።"

ሳጅኑ ሳል ያዛቸው። ወንድሜ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎኝ ወጣ። መርማሪው ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደደው፣ እኔም ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ጀግና ሆኜ ተመለስኩ ብል ውሸት ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አለቀስኩ፤ ፈርሞልኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ራሴን ረገምኩ፤ የዳምቦያዋ ሴት ቦታ ባዶ ሆኖ ሲታየኝ ደግሞ ባሰብኝ። በማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ ሒሳብ የሚያጠኑት ልጆች ደጄ መጥተው ይመለሳሉ። እሁድ ስንቅ ያመጣልኝ አልነበረም። በሳምንቱ ሐሙስ ጠባቂው በሩን ከፍቶ "ሂጂ" አለኝ። ተጠሪ የለ፣ ፊርማ የለ። በአንድ ቃል የሚፈቱኝ ከሆነ ያ ሁሉ ምን ነበር? እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

አጥሩ አልተነሳም። እኔን ሾኔ አዛወሩኝ፣ ሁለት ዓመት ቆይቼ በስንት ደጅ ጥናት ተመለስኩ። ከንፈር የሚመጥጡልኝም አሉ። አሁንም ሆሳዕና፣ በተከራየሁት ቤት፣ ብቻዬን ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቤቱ በልጆች ይሞላል፤ ሲሄዱ ደግሞ ጸጥታውን እወደዋለሁ፤ ይህንን ስናገር ሰው የማያምነኝ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ፎርም ስሞላ ግን ያቺ መስመር ላይ እጄ ይቆማል። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም፤ አንድ ነገር ብሆን ማን ይጠራ ነው የሚለው። እኔን ያናደደኝ መልሱን ቀድመው መጻፋቸው ነው።

ወንድሜ ብዙ ጊዜ አኮረፈኝ። ዘንድሮ ትልቋ ልጁ ሆሳዕና ያለው ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ መመዝገቢያውን የሞላችው ብቻዋን ነው። ቅጂውን ሲያይ ደወለልኝ። ሰላም እንኳን አላለኝም።

"ተጠሪ የሚለው ላይ አንቺን ጽፋለች። አባቷ እኔ እያለሁ።"

ቅርብ ስለሆንኩ ይሆናል አልኩት።

"ቢደውሉልሽስ?" አለኝ።

"እሄዳለሁ" አልኩት። "ስልኬ አይዘጋም።"