ለኪራይ ውል የተላኩ ሽማግሌዎች

የኪራይ ውሌ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ቤቱን ከሚያስተዳድረው ድርጅት ደብዳቤ መጣ። ስሟ በውሉ ላይ ያልሰፈረ አንዲት ሴት በቤቱ እንደምትኖር ደርሰንበታል፤ ማን እንደሆነች በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያስረዱ፤ ካልሆነ ውሉን አናራዝምም ይላል። "አንዲት ሴት" የተባለችው እናቴ ናት። አንዲት ሴት ተብላ እዚያ ቤት መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሞልቷታል።

እናቴ ከአገር ቤት ስትመጣ የምኖረው ሃውቶርን የሚባል ሰፈር ነበር። ጠዋት ዌስትውድ ወዳለው ሥራዬ ስወጣ መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች፤ ማታ ስመለስ እዚያው አገኛታለሁ። መኪና አትነዳ፣ ቋንቋ አታውቅ፣ በእግር የሚደረስበት ነገር የለ። ምግብ እየቀነሰች፣ ወሬም እየቀነሰች ሄደች። አራት ወር እንደቆየች የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ አጠገብ ቤት ፍለጋ ጀመርኩና ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለውን አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ያዝኩ። ኪራዩ የደመወዜን ግማሽ ይወስዳል። ግን እናቴ በሳምንቱ በርበሬ የሚሸጡበትን ሱቅ ሁሉ አወቀች፣ ከባለሱቆቹ ጋር ተጣላች፣ ታረቀች። ሰው ሆነች።

ቤቱን ስይዝ የሷን ስም ለማስገባት ስምንት ገጽ ፎርም መሙላትና ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል ተባልኩ። ቤቱ ከእጄ እንዳይወጣ ተጣድፌ በኔ ስም ብቻ ፈረምኩ። የሷን በኋላ አስገባለሁ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት አለፈ። እናቱን ቤቱ ለማስገባት ፎርም የሚሞላ ሰው ደግሞ የት አለ?

ደብዳቤው የመጣ ዕለት ለአንዲት ሐበሻ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ ሳማርር እናቴ ኩሽና ነበረች። ከዚያ "ከቤት ያስወጡናል እንዴ?" አለችኝ። "ወረቀት ነው እማዬ፣ ተዪው፣ እኔ እጽፍላቸዋለሁ" አልኳት። መጻፉንም ለእሑድ ቀጠርኩት።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ሳሎኔ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ተቀምጠዋል። አንደኛው እናቴ ከምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ ሰላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ሰዉ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እናቴ ለሁለቱም ሻይ እያቀረበች ወደኔ አታይም።

"ጨርሰናል፣ አትጨነቂ" አሉኝ ጋሼ።

"ምኑን ነው የጨረሱት ጋሼ?"

"ቶራንስ ሄደን ነበር። ቢሯቸው ድረስ ድራይቭ አድርጌ። ፓርክ ማድረጊያ እንዴት ያለ ችግር መሰለሽ።"

"ቶራንስ ምን ሊሠሩ ሄዱ?"

"ሽማግሌ ሆነን ነዋ! ሰው ተቀይሞ ዝም ይባላል እንዴ?"

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። "ጋሼ፣ ማኔጅመንት እኮ ነው። አልተቀየሙም። ኢሜይል ነው የሚፈልጉት።"

"በኢሜይል ይቅር የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉ፤ ጓደኛቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

የድርጅቱን ማኔጀር ምን እንዳሏት ጠየቅኳቸው። "እንደ ደንቡ ነዋ" አሉ። "ልጃችን አጥፍታለች፣ ጥፋቷንም አምናለች፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በያት አልናት። ተቀመጡ ብትለን እሺ ካላልሽን አንቀመጥም አልን። ሶ፣ መጀመሪያ ትንሽ ደነገጠች። በኋላ ግን የተናገርነውን ሁሉ ጻፈችው።"

"ጻፈችው?"

"አንድ ሳታስቀር። ኦኬ ኦኬ እያለች። ደግ ሴት ናት።"

እኔ እልህ ያዘኝ። የኛ ሽማግሌ ማን እንዳጠፋ በማጣራት አይጀምርም። መጀመሪያ የላከውን ሰው ጥፋተኛ አድርጎ ይለምናል፤ የተቀየመው ሰው ልቡ ሲራራ እውነቱ ቀስ ብሎ ይወራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የቶራንሷ ሴትዮ ግን ከየት ታውቀው? ሁለት የተከበሩ አዛውንት ከረባት አስረው መጥተው፣ ቆመው፣ ተከራይዋ ጥፋቷን አምናለች ብለዋታል። እሷም መዝግባለች። ለዚህ ደግሞ እኔ ሻይ ላይ ስኳር እየጨመርኩ ማመስገን ነበረብኝ፤ አመሰገንኩም።

በሳምንቱ፣ እኔ ገና ሳልጽፍላቸው፣ ሁለት ገጽ ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው ገጽ ውሉ ለአንድ ዓመት እንደተራዘመ ይናገራል። ማመን አቅቶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ጋሼን በሆዴ በማማቴም አፈርኩ። ቀጥሎ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። ውሉን መጣስዎን ወኪሎችዎ አምነዋል፤ እናትዎ ራሳቸው ቢሯችን ቀርበው በሰጡት ቃል መሠረት በወሩ መጨረሻ ቤቱን ይለቃሉ፤ ማራዘሚያው የሚጸናው ይህ ሲፈጸም ነው ይላል።

እናትዎ ራሳቸው። ወዲያው ጋሼ ጋ ደወልኩ።

"እሷም ነበረች" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እንዳንነግርሽ በእግዚአብሔር ስም ለምናን ነው። እኔ ልውጣ፣ ልጄን አትንኩብኝ አለች። እኔም ተረጎምኩ። እኛ ቤት አንድ ክፍል አለ፣ እሱን ሰጥተናታል።"

ስልኩን ዘጋሁት። በሕይወቴ በትልቅ ሰው ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም። ወደ ሳሎን ስገባ እናቴ ሶፋው ላይ ልብስ ታጥፋለች፤ የምታጥፈው የራሷን ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ይሄን ቤት ለማን ብዬ የተከራየሁት መሰለሽ?" ጮኼ ነው የተናገርኩት። "ለኔ ሥራ ሃውቶርንም ሆነ የትም ያው ነው። ደመወዜን እዚህ የምገፈግፈው አንቺ በእግርሽ እንድትወጪ ብዬ አይደለም ወይ? አንቺ ከወጣሽ ቤቱ ምን ያደርግልኛል?"

ማጠፏን አላቆመችም። "እኔ በምን አውቃለሁ?" አለች። "ስሜ እንኳ የለበትም።"

ንዴቴ አልሄደም፤ የሚያርፍበት ሰው ነው ያጣው።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ አብረን ቶራንስ ሄድን። ማኔጀሯ እናቴን ስታያት ከወንበሯ ተነሥታ ሰላም አለቻት። ሁሉንም ከመጀመሪያው አስረዳኋት፤ ሽማግሌ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን እንደዚያ እንደሚናገሩ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝና መሳቢያዋን ከፍታ ስምንት ገጽ ፎርም አወጣች። መጀመሪያም የጠየቅንሽ ይህንኑ ነው አለችኝ። እናትሽ ተከራይ ሆነው ከተመዘገቡ ያ ቃል ይሰረዛል፣ ውሉም ይራዘማል። ሦስት ዓመት የፈራሁት ፎርም በአርባ ደቂቃ አለቀ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ነዋሪው ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚል መስመር አለ። እዚያ ስደርስ ብዕሬን አነሣሁ።

"ምን ይላል?" አለች እናቴ።

"ስንት ጊዜ ትቆያለሽ ነው የሚለው።"

እጆቿን ቦርሳዋ ላይ አደረገች። "አንቺ ምን ልትያቸው ነው?"

ማኔጀሯ መቆማችንን አይታ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና በመስመሩ ላይ ሰረዝ አደረገችበት። ይህ የሚሞላው ለእንግዳ ነው፣ ለተከራይ አይጠየቅም አለች። ለእናቴ ተረጎምኩላት። ከዚያ እናቴ መነጽሯን አውጥታ ከኔ ስም በታች ስሟን በአማርኛ ጻፈች፤ አባቷንም አያቷንም ጨምራ፣ ከተሰጣት ቦታ አልፋ።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶዋን እያሰረች "ለጋሼ ደውዪ፣ ስልክ ዘግተሽባቸዋል" አለችኝ። እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ።

"አጥፍቻለሁ ጋሼ" አልኳቸው።

"እናውቃለን ልጄ" አሉኝ። "ነግረናቸዋል እኮ።"