እልልታው ከኋላችን ነበር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው የሰርግ ሰሞን፣ እሁድ ጠዋት ነው። እኔ ሰርግ ወዳጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሰርግ ጥሪ ሲመጣ እፈራለሁ።

የአባቴ ቮልስ፣ እሳቸው ጉልበታቸውን ታመው መንዳት ካቆሙ ጀምሮ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከብሎካችን ሥር በሸራ ተሸፍና ለዓመታት ቆማ ነበር። "ሞተሯ ሲነሳ ሳልሰማ አልሞትም" እያሉ ሲያስቸግሩኝ መካኒክ ጠራሁ። ባትሪ ቀየረ፣ ካንዴላ ጠረገ፣ ያረጀውን ቤንዚን ደፍቶ አዲስ ቀዳ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን አልዞር አለ።

"ተገፍታ ትነሳለች" አለ።

ለመግፋትማ ጎረቤት መቼ ጠፍቶ! አባባ አጠገቤ ተቀመጡ፣ እኔ መሪውን ያዝኩ። ከግቢው በር ወጥተን ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። አንገጫገጨችን፣ ጭስ ተፋችና ተነሳች! አባባ ዳሽቦርዱን እየደባበሱ "ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!" አሉ። ከኋላችን ጎረቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

ላቆማት ፍሬን ረገጥኩ። እግሬ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ምንም የለም። ጠዋቱን ሙሉ ሞተር ስንጎረጉር ፍሬኑን ያየ ሰው አልነበረም።

"አባባ፣ ፍሬን የለም!"

አባባ የእጅ ፍሬኑን ሳቡት። ገመዱ ተበጠሰ።

ከፊታችን ከልደታ ማርያም ቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ክላክስ ነፋሁ፣ ጮህኩ። ሰዎቹ ክላክሱንም እልልታውንም ሲሰሙ ሰርግ መሰላቸው። ዞረው ፈገግ አሉ። አንዲት አሮጊት ጭራሽ መሐል መንገድ ላይ ቆመው እልል አሉልን። ገደልኳቸው አልኩ በልቤ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"ማርሽ ቀንሺ! ወደ አሸዋው!" አሉ አባባ።

መንገዱ ዳር ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ነበር። መሪውን በሙሉ ኃይሌ ጠመዘዝኩት። ቮልሷ እስከ መብራቷ አሸዋው ውስጥ ገብታ ቆመች።

ማንም አልተጎዳም። አሮጊቷ መጥተው በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። "ልጄ፣ ሙሽራዋ የታለች?" አሉኝ። ወለሉ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ፍሬን በጣቴ አሳየኋቸው። የሆነው ሲገባቸው "በስመ አብ!" ብለው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

አሁን ፍሬኑ ተሠርቷል፤ አባባም "ትንሽ አንሸራሽሪኝ" ይሉኛል። እኔ ግን ገና አልደፈርኩም። በቅርቡ የዘመድ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። እኔ ወንበሬን ጨምድጄ ይዤ፣ በቀኝ እግሬ ወለሉን እረግጥ ነበር።