አኩራፊዋ በር

የተራራው ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ለጎብኚ የሚሆን ማረፊያ ቤት በየመንደሩ ከፍተዋል። በአንደኛው ያረፈችው ተጓዥ ግን ዓይኗን የጣለችው ተራራው ላይ ሳይሆን አስተናጋጇ ላይ ነው።

ሴትዮዋ ሃምሳን ተሻግራለች። የማኅበሩን አረንጓዴ ሰደርያ በአበባ ቀሚሷ ላይ ደርባ፣ እግሯ ውስጡ የሚዋኝበት የወንድ ቦቲ ተጫምታለች። ወሬ አታበዛም፤ አንዴ ብቻ ስለ በሩ ተናገረች።

"ይቺ በር አኩራፊ ናት። ከፍ አድርገው በትከሻ ካላባበሏት አትዘጋም።"

ጓዳው መግቢያ ላይ ጣራው ዝቅ ይላል። ተጓዧ ሁለቴ ግንባሯን ተመትታለች፤ ሴትዮዋ ብርድ ልብስ ተሸክማ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ፣ እዚያች ቦታ ላይ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፋለች።

ሴትዮዋ እንጨት ይዛ ከዝናብ ስትመለስ ተጓዧ ጠየቀቻት።

"ቤቱ የማን ነበር?"

"የማኅበራችን ነው፣ የኔ እመቤት። እንግዳ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ውሃም ገባልን፣ ተመስገን ነው።"

ይህን እያለች የራሰ ካፖርቷን አውልቃ ከበሩ ጀርባ ሰቀለችው። ካፖርቱ ዘጭ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። አዲስ ቀለም በተቀባው ግድግዳ ላይ አንድም ሚስማር አልነበረም።

"ምን እጅ ነው ይሄ! እስካሁን አልለመደም" ብላ ሳቀች። ካፖርቷን አንስታ፣ በሩን በትከሻዋ አባብላ ወጣች።

ጥቂት ቆይታ ሙቅ ውሃ ይዛ ተመለሰች። በሩን በቀስታ አንኳኳችና፣ "ይግቡ" እስክትባል ድረስ ዝናቡ እየወረደባት ደጅ ቆመች።