የቲቸር ሰብለወንጌል ጥቁር ፌስታል

ቲቸር ሰብለወንጌል በስቅለት ዕለት ሥጋ ገዙ ተባለ። ያውም ጠመንጃ ያዥ ካለው ከኸይረዲን ሥጋ ቤት፣ ያውም በጥቁር ፌስታል። ወሬው ጠዋት ከልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲነሣ አንድ ኪሎ ነበር። እኛ ካፌ ደርሶ ማኪያቷችንን እስክናማስል አምስት ኪሎ ሆነ። አመሻሽ ላይ ሴትዮዋ ወይፈን በደረጃ እየነዱ ሲያስወጡ በዓይኔ በብረቱ አየሁ የሚል ሰው ተገኘ።

እኔ አላመንኩም። አንደኛ ወሬውን ያመጣችው ታየች ናት። ታየች ማለት አምና «ሊፍት ሊገባልን ነው» ብላ የብሎኩን አዛውንት በሙሉ ደረጃ ሥር ያሰለፈች ሴት ናት። ሁለተኛ ደግሞ፣ ቲቸር ሰብለወንጌልን አውቃቸዋለሁ።

ወልቂጤ ተወልደው፣ ገና በወጣትነታቸው ልደታ መጥተው፣ ጡረታ እስኪወጡ አንደኛ ክፍል ብቻ አስተማሩ። ከፍ ያለ ክፍል ሲሰጧቸው «እሱን ማንም ያስተምራል፤ እርሳስ የማያውቅ እጅ ስጡኝ» ይሉ ነበር። ከሰንጋ ተራ እስከ ጠመንጃ ያዥ ስሙን አስተካክሎ የሚጽፍ ሰው ካያችሁ፣ እጁን ይዘው ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። አጣሞ የሚጽፍ ካያችሁ፣ ያን ለት ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ባላቸው ሾፌር ነበሩ፤ ልጃቸው ሩሃማ ገና ስትድህ ሞቱባቸው። ለብቻቸው አሳደጓት፣ ራሳቸው ክፍልም አስተማሯት። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «እማዬ» ብላ ብትጠራቸው «እማዬ ቤት ናት፤ እኔ ቲቸር ነኝ» አሏት። ማታ እቤት ስትገባ «እማዬ፣ ቲቸር ተቆጣችኝ» ብላ አለቀሰች። እሳቸውም እንባዋን እየጠረጉ «እኔ ነገ አነጋግራታለሁ» አሏት።

ኪዳን ሳያደርሱ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ሁዳዴ ሲጾሙማ የጎረቤት ድመት እንኳ አጠገባቸው ወተት ለመላስ ይሉኝታ ይይዛታል። እኚህ ናቸው እንግዲህ በስቅለት ሥጋ የገዙት።

ነገሩ በሐሜት ቢቀር ደሜ ባልፈላ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ምድር ቤት ያለውን የጋራ ክፍል፣ ለበዓል ማረጃ ተብሎ የተሠራውን፣ በገዛ እጃቸው አጥበው ለግቢው ልጆች ፊደል ያስቆጥሩበታል፤ በነጻ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ በሱፍቃድ ደግሞ ክፍሉን ፑል ቤት ሊያደርገው ካሰበ ቆይቷል። ሰበብ ነበር ያጣው። አሁን አገኘ። «ጾም የምታፈርስ ሴት ልጆቻችንን ምን ልታስተምር ነው?» ይላል፤ በሁዳዴ መሐል ጢሙ ላይ የዕንቁላል ፍርፋሪ የማይታጣው ሰው።

እኛም ካፌ ተሰብስበን መከላከያ አዘጋጀን። ክርስቲያን የሙስሊም ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊምም የክርስቲያን አይበላም፤ ይህን ልደታ ውስጥ ጡት ያልጣለ ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ ሥጋው የሌላ ሰው መሆን አለበት። ጎረቤታቸው ነፊሳ ደግሞ አራስ ናት፤ ባሏ አብዱራህማን ለንግድ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። በቃ፣ ለአራሷ ገዝተው ነው። መከላከያችንን በየደረጃው አዳረስነው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም ጭምር።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ግቢው ተሰበሰበ። በሱፍቃድ የክፍሉን ቁልፍ ቀደም ብሎ ተቀብሎ ጠረጴዛ ላይ አኑሮታል። ቲቸር ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ታየች፣ ያየሽውን ተናገሪ» አለ በሱፍቃድ።

«ከኋላቸው ነው ያየኋቸው። በነጠላቸው ለየኋቸው።»

በስቅለት ዕለት አንዲትን ሴት በነጠላ መለየት በክረምት ጎርፍ ውስጥ የራስን ጠብታ እንደ መለየት ነው። ይህን ግን የተናገረ የለም። በሱፍቃድ «ክፍሉን ይልቀቁ የምትሉ» ከማለቱ እጆች ተነሡ። ያን ሁሉ እጅ፣ ጣት ቀጥ አድርጎ፣ ክንድ ሳያጥፍ ማንሣት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እፍረት የሚባል ነገር ከግቢው ጠቅልሎ ሄዷል።

ይኼኔ ነፊሳ ሕፃን ልጇን እንዳቀፈች ተነሣች። «እኔ ነኝ የላክኋቸው» አለች። «የአራስ ሾርባ አምሮኝ፣ ለምኛቸው ነው። ሂዱ በእኔ ፍረዱ።»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። በሱፍቃድ ተናደደ፤ ነገር ግን በአራስ ላይ የሚፈርድ ሰብሳቢ ነገ ሰብሳቢ እንደማይሆን ያውቃል። ቁልፉን አንሥቶ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ።

«ለአራስ ከሆነማ ምን ይደረጋል» አለ። «ይቅር ብለንዎታል፣ ቲቸር። ክፍሉን ይዘው ይቀጥሉ።»

ቲቸር ቁልፉን ተቀበሉ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። ከዚያ ተነሡ።

«ነፊሳ፣ ተቀመጪ፤ ሕፃኑን ብርድ ይመታዋል» አሉ። «ስለ እኔ ብለሽም ቢሆን መዋሸት አይገባሽም። በሱፍቃድ፣ አንተም ይቅርታህን ያዘው፤ ለራስህ ያስፈልግሃል። ታየች፣ በስቅለት አገር ሁሉ ሲሰግድ ሥጋ ቤት ደጃፍ ምን ትሠሪ እንደነበር ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ለእኔ አይደለም።»

ታየች መሬት መሬት ታያለች። እኔም መከላከያዬን ይዤ ወንበሬ ላይ ዝቅ አልኩ።

«እኔ ሥጋ አልገዛሁም» አሉ ቲቸር ሰብለወንጌል፣ ለአንደኛ ክፍል በሚናገሩበት ድምፅ። «ኸይረዲን ሥጋ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፌስታልም አልያዝኩም፤ ነፊሳም አልላከችኝም። ያን ዕለት ከማለዳ እስከ ማታ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ነው የዋልኩት።»