ቅቤ ያልነካው ድንጋይ

ገዳሪፍ፣ ስቅለት ጠዋት

ከገዳሪፍ የተነሣሁት አንድ ድንጋይ ቅቤ ሳይቀባ ለመድረስ ነው። ወሬውን ያመጣልኝ ዑስማን የሚባል የሎሪ ሾፌር ነበር። በቡታና በረሃ ከሰል የሚያከስሉት የመተማው ሰው አያ ደሴ ከሰማይ የወረደ ጥቁር ድንጋይ አግኝተዋል አለኝ። በእርሳቸው አገር ልማድ እንዲህ ያለ ድንጋይ ቅቤ ይቀባል። እስካሁን የተረፈው ጾም ስለሆነ ብቻ ነው፤ ለፋሲካ አይቀርለትም። ደርግን ሸሽቼ ከመሰደዴ በፊት የሥነ ምድር መምህር ስለነበርኩ ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ድንጋዩ እኔ የጠረጠርሁት ካርቦን ያዘለ ዓይነት ከሆነ ቅቤውን ምጥጥ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የሰማዩን ካርቦን ከላሟ ካርቦን ማን ይለየዋል? ከዑስማን ሎሪ ላይ፣ ከማሽላ ጆንያ መሀል ተወሸቅሁ።

ቡታና፣ ቅዳሜ ሹር

መንገድ የለም፤ ያለው የጎማ ዱካ ነው። ሎሪው አሸዋ ውስጥ በሰመጠ ቁጥር ወርደን ገፋን።

«ያ ኡስታዝ፣ ለድንጋይ ነው እንዲህ የምትንገበገበው?» ብሎ ዑስማን ሳቀብኝ።

«አንተ ንዳ ብቻ!» አልሁት።

ከከሰል ማክሰያው ስንደርስ አያ ደሴ አክፍለው ከንፈራቸው ደርቋል። ድንጋዩን ከነጠላ ፈትተው አሳዩኝ፤ ቅቤው በቅል ሆኖ አጠገቡ ይጠብቃል።

«ከሰል መስሎኝ ባነሣው ከበደኝ» አሉ።

ማግኔቴን አስጠጋሁት፤ ሳብ አደረገው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

«አያ ደሴ፣ ትንሽ ፍርካሽ ይስጡኝ።»

«ከሰማይ የመጣ ይሰበራል እንዴ፣ መምህር?»

«ካልተሰበረ ማንነቱን አናውቅም። ነገ ደግሞ ቅቤው ይቀድመኛል።»

ድንጋዩን በነጠላው መልሰው ሸፈኑት። እኔም ከአጠገባቸው ንቅንቅ አላልሁም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣

«ምን እንደሆነ አጣርተህ ራስህ መጥተህ ትነግረኛለህ?» አሉ።

ማልሁላቸው። መዶሻውን ሳሳርፍ ፊታቸውን አዞሩ።

ካርቱም

አንድ የዩኒቨርሲቲ ወዳጄ ፍርካሹን በስሱ ቆርጦ ከማይክሮስኮፕ ሥር አደረገው። በጥቁሩ መሀል ጥቃቅን ክብ ጠጠሮች ተበትነዋል። የጠጠሮቹን መጠንና የማዕድኑን ዓይነት ስናመሳክር ሰነበትን፤ በመጨረሻ ካርቦናዊ ኮንድራይት፣ ማለትም ካርቦን ያዘለ ጥንታዊ የሰማይ ድንጋይ፣ ብለን መደብነው። ውስጡ ባዕድ ነገር አልገባበትም ነበር።

መልስ

መሐላ ነውና ከቤቴ በፊት ቡታና ሄድሁ። ከአያ ደሴ ዘንድ የቀረው ድንጋይ በቅቤ ወዝቷል።

«ከፀሐይ ጋር የተወለደ ነው፤ ምድርን ራሷን ይቀድማታል» አልኋቸው።

«እንግዲያ የሁላችን ታላቅ ነው» አሉና ቅሉን ዘረጉልኝ። «ና፣ አንተም ቀባው።»

ቀባሁት። ገዳሪፍ የገባሁት ጣቴ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ ነው። ከአገሬ ስወጣ ሙያዬን ከድንበሩ ማዶ ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ አብሮኝ ተሻግሯል።